የጆሮ ድንጋይ

ነሐሴ ነው፣ ቁንዝላ። ሚዛኔ ተንጠልጥሏል ከሾላው ቅርንጫፍ፤
ደብተሬ በስብሷል፣ ቀለሙ ፈሷል ከጫፍ እስከ ጫፍ።
ግልገል ዓባይ አፈር ለብሶ ጣናን የሚነካው እዚህ ነው፤
እዚህ ነው የወንዙ አፍ።

ሥራዬ መቁጠር ነው።
ርዝመት፣ ክብደት፣ ወንድ፣ ሴት፣ የሆዷ እንቁላል ስንት ግራም፤
ስጽፍ እውላለሁ፤ ሽታው ከጣቴ አይለቅም፣ በሳሙናም አይረታም።
ደመወዜ ከባሕር ዳር ይመጣል። ሲመጣ።

ቀረሶ ልጆቿን በጉንጯ ይዛ ከደንገሉ ጥላ ታሳድጋለች፤
አምባዛም ጎርፍ የጎበኘው ሣር ካገኘች ትወልዳለች።
ነጭ ዓሣ ግን አይሆንላትም፤
ሐይቁ ለመብላት ይበቃታል፣ ለመውለድ አይበቃትም።
የምትሻው የሚሮጥ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፣ ከሥሩ ጠጠር፤
እንቁላሏ ከድንጋይ መሐል ተሸጉጦ እንዲተነፍስ፣ በደለል እንዳይቀበር።

እናም ክረምቱ ሲበረታ፣ የጎርፉ ሽታ ሲደርሳት፣ ትነሣለች፤
ከአፉ በር ቆማ፣ መሰሎቿ እስኪሞሉ፣ ቀናት ትጠብቃለች።
ከዚያ ሽቅብ፣ በጨለማ፣ የውሃው ጣዕም እንደመራት፣
ወደ ተፈለፈለችበት ጠጠር፤
እንዲህ ይላሉ የተማሩት። እኔ ጠይቄ አላየኋት።

መረብም ይህን ያውቃል።
መረብም እዚያው፣ ከአፉ በር፣ ይጠብቃል።

ከራሷ ውስጥ፣ ከአንጎሏ ጎን፣ ትንሽ ድንጋይ አለ፤
ከጤፍ ይበልጥ እንጂ ከምስር አይበልጥም፣ ነጭ፣ ዳሩ የሾለ።
ስሰነጥቀው፣ በአጉሊ መነጽር ሳየው፣ ክብ በክብ ተጽፏል ዕድሜዋ፤
አንድ ጠባብ መሥመር ለችጋሯ፣ አንድ ሰፊ ለጥጋቧ።

አያ አበጀ መጡ አንድ ማለዳ፣ ታንኳቸው እስከ ጠርዟ ሞልታ፤
ሁለት ወንድ፣ ሃያ አንድ ሴት፤
አንዷም አልወለደች፣ ሁሏም በእንቁላል ተነፍታ።
«ያ ድንጋይህ ምን ይላል?» አሉኝ፣ እንደ ቀልድ፣ ጢማቸው እያንጠባጠበ።
ሰነጠቅሁ። ቆጠርሁ። «ዘጠኝ ዓመት» አልኋቸው።
ከንፈራቸው፣ ያለ ድምፅ፣ እስከ ዘጠኝ አነበበ።

«የኛዋ አትጠገብ እኩያ ናት በለኛ!
ደብተር ልገዛላት ነበር በዚች፤
አየህ ጉድ፣ ልጅ በልጅ ተበላላን እኛ።»

ሕጉማ አለ። በክረምት ከወንዝ አፍ መረብ አይጣል ይላል፤
ከቢሮው ግድግዳ ተለጥፎ የጣራው ፍሳሽ ይበላዋል።
ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ይባላል፤
አናቱ የት እንደሆነ ግን ማን ይነግረናል?
ሽቅብ ያለውን አልነካሁትም ገና፦
ድልድዩ ሥር አሸዋው ይዛቃል፣ ሲኖትራክ ተሰልፎ፤
ከዚያ አለፍ ሲል ብርብራ ይወቀጣል፣ ይረጫል፤
ትልቁም ጫጩቱም ይወርዳል፣ ሆዱን ወደ ሰማይ ቀልብሶ፣ ተንሳፎ።
በቆጋ በኩል ደግሞ ግድቡ፤ መስኖው ስንዴ አብቅሏል፣ አልዋሽም፣ እኔም በልቻለሁ፤
ከግንቡ ሥር ግን ውሃውን በአፍንጫቸው ሲገፉ የዋሉ ዓሦች አይቻለሁ።

በማግስቱ አያ አበጀ ዘገዩ። ሚዛኑ ቀለለ፤ አምስት ብቻ።
«መረቤን ጉማሬ ቀደደው» አሉ፣ ዓይናቸውን ጥለው ወደ ዳርቻ።
መረቡን ገለጥሁት። ሁለት ክንድ ያህል ተከፍቷል፣ ከላይ እስከ ታች፤
ጠርዙ ቀጥ ያለ። ጉማሬ ቢላ መቼ ታጠቀች?

ሁለት ክንድ። በዚያች ቀዳዳ ስንቷ ታልፋለች በአንድ ሌሊት?
ካለፉትስ፣ አሸዋ ዛቂውን ተሻግራ፣ ብርብራውን ስታ፣
ስንቷ ትደርሳለች ከጠጠሯ ቤት?
አላውቅም። ለዚያ የሚሆን ሚዛን አልሰጡኝም።

ከደብተሬ ዳር «ማስታወሻ» የሚል ዓምድ አለ፣
ከሰኔ ጀምሮ ባዶውን የሄደ።
እርሳሴን በምራቄ አራስሁና ጻፍሁበት፦
«መረቡ በጉማሬ የተቀደደ።»

ከሥሩም ፈረምሁ።